የዓመቱን ምርጥ የኢሞ አልበሞች መደርደር፦ ከወሎ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ ሲል የምርጥ አልበሞች ዝርዝር የማያወጣ የለም። ከወሎ የደረሱን ጥያቄዎች ስለ አንድ ዘርፍ ናቸው፤ ስለ ኢሞ፣ ከፓንክ ስለ ወጣው ስሜት የሚበዛበት የሮክ ሙዚቃ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናል። «ዓ.ም.» ካላልን በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሰባት ሆነን በሳምንት አንድ ቀን አልበም እንሰማለን። ለእያንዳንዱ ከ10 ነጥብ ሰጥተን አማካዩን ስናወጣ ሁሉም 7 እና 8 ላይ ተኮለኮለ። አንደኛው አስረኛውን የሚበልጠው በ0.4 ነው። ምን ይሻላል?» — ከደሴ፣ ሆጤ

ችግሩ ከጆሯችሁ ሳይሆን ከነጥብ አሰጣጡ ነው። ሰው ደጋግሞ የሚሰማው የወደደውን ነው፤ ለወደደው ደግሞ ከ6 በታች ለመስጠት እጁ አይሄድለትም። በዚያ ላይ አንዱ ለጋስ ነው፣ ሌላው ቋጣሪ። ለጋሹ የሰማው አልበም ሁሉ ሳይለፋ ሽቅብ ይወጣል።

መላው ነጥቡን ውሱን ማድረግ ነው። ቪሌጅ ቮይስ የተባለው የኒው ዮርክ ጋዜጣ «ፓዝ ኤንድ ጆፕ» በሚለው የሙዚቃ ተቺዎች ምርጫው የሠራበት ሕግ ለሰባት ሰውም ያገለግላል። እያንዳንዱ መራጭ 10 አልበም ይመርጥና 100 ነጥብ ያከፋፍላል፤ ለአንድ አልበም ከ30 በላይም ከ5 በታችም መስጠት አይቻልም። ለአንዱ 30 የሰጠ ሰው ለቀሩት ዘጠኝ የሚተርፈው 70 ብቻ ነው፤ ስለዚህ የወደደውን ሲያነሣ ሌላውን መቀነስ ግዴታው ይሆናል። የሰባታችሁ ድምር 700 መምጣት አለበት። ካልመጣ አንዱ ወረቀት ላይ ስሕተት አለና ሳትደረድሩ መልሳችሁ ደምሩ።

ይህም ቢሆን በሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ወሬ ነው። ቡናው ላይ ተሰብስባችሁ «እኔ ለዚህኛው 30 ነው የምሰጠው» ካለ አንድ አንደበተ ርቱዕ፣ ሌላው ሳያውቀው ይከተለዋል። ነጥቡ ቤት ተጽፎ፣ ወረቀቱ ታጥፎ ይምጣ፤ ክርክሩ ከቆጠራው በኋላ ይሁን። ሁለተኛው አንዳንዶቻችሁ ያልሰማችሁት አልበም ነው። ያልሰማ ሰው ነጥብ ስላልሰጠው ብቻ አልበሙ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ እያንዳንዳችሁ 4፣ 4 አልበም ጠቁሙ። የተደጋገመው ሲወጣ 20 ገደማ ይቀራል። ያንን ሁላችሁም ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ ሰምታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ምረጡ። ከሰባቱ አራቱ ያልሰሙት አልበም ከውድድሩ ይውጣና ለብቻው ይጠቀስ።

እኩል ቢመጣስ? ለአንዱ ሁለት ሰው 30፣ 30 ሰጥቶት፣ ለሌላው ስድስት ሰው 10፣ 10 ሰጥቶት ሁለቱም 60 ቢያገኙ፣ የእኛ ፍርድ ብዙ ሰው የመረጠው ይቅደም ነው። ግን ከነጥቡ ጎን የመራጮቹን ቁጥር ጻፉ፤ «60፣ በ2 ሰው»፣ «60፣ በ6 ሰው» እያላችሁ። በሁለት ሰው የመጣውንም አትናቁት። ዊዘር የተባለው የአሜሪካ ባንድ አልበም «ፒንከርተን» በ1996 ሲወጣ የሮሊንግ ስቶን መጽሔት አንባቢዎች ከዓመቱ መጥፎ አልበሞች ተርታ አሰልፈውት ነበር። ያው መጽሔት በ2004 ተመልሶ አምስት ኮከብ ሰጠው።

«የዓመቱ ስንል በየትኛው ዓመት ነው? በእኛ ወይስ በእነሱ?» — ከኮምቦልቻ

ዝርዝራችሁን ከውጭ ዝርዝሮች ጋር ማወዳደር ከፈለጋችሁ በእነሱ፤ ካልሆነ በእኛ ብታደርጉት ጥቅም አለው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የጂሚ ኢት ወርልድ ባንድ አልበም «ክላሪቲ» የወጣው ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1999፣ አሜሪካን ፉትቦል የተባለው ባንድ የመጀመሪያ አልበም ደግሞ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1999 ነው። በእነሱ የአንድ ዓመት ተፎካካሪዎች ናቸው። በእኛ ግን የመጀመሪያው የካቲት 16 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው መስከረም 3 ቀን 1992 ዓ.ም. ላይ ስለሚውሉ አይገናኙም።

የእኛ አቆጣጠር ጥቅሙ ዲሴምበር ላይ ነው። የውጭ መጽሔቶች ዝርዝራቸውን ከኖቬምበር መጨረሻ ጀምረው ስለሚያወጡ፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣ አልበም የዘንድሮም የከርሞም ሳይሆን ይቀራል። በእኛ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ገና በዓመቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ውስጥ ናቸው። በተራው የሚጎዳው የነሐሴና የጳጉሜ አልበም ነው፤ ጆሮ ሳይለምደው ዓመቱ ያልቃል። መፍትሔው ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜ ያለውን ይዞ ምርጫውን ጥቅምት መጨረሻ ላይ ማድረግ ነው።

«ትዝታውም አምባሰሉም ሆድ ያባባል። የስሜት ሙዚቃ ከሆነ ለምን ከኢሞ ጋር አይደረደርም?» — ከሐይቅ

ሐዘን ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ሙሾም ኢሞ ይባል ነበር። ዘርፍ የሚለየው በስሜቱ ሳይሆን በዘር ሐረጉ ነው። ኢሞ የሃርድኮር ፓንክ፣ ማለትም ፈጣንና ጩኸታም የሆነው የፓንክ ዓይነት፣ ልጅ ነው፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ እንደ ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ ባሉ ባንዶች ተጀመረ። የእነሱ አልበም የወጣው በ1985 ነው። ያኔ ስሙን ከተለጠፈባቸው ብዙዎቹ አልወደዱትም። በ1994 የሲያትሉ ሰኒ ዴይ ሪል ኢስቴት «ዳያሪ»ን ሲያወጣ ዜማው ሰፋ፤ ከዚያ የመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ (የሚድዌስት) ባንዶች ጊታሩን አራቀቁት፤ በ2000ዎቹ እነ ማይ ኬሚካል ሮማንስ ወደ ትልቅ መድረክ አወጡት።

አድምጣችሁ መለየት ከፈለጋችሁ ድምፁንና ቃሉን ያዙ። ኢሞ ውስጥ ዘፋኙ ድምፁ ሲሰነጠቅ አያርመውም፤ ስንጥቁ ራሱ የዘፈኑ ክፍል ነው። አምባሰል ላይ ግን፣ ማሪቱ ለገሰን ብቻ ብትሰሙ፣ ድምፅ ሲንቀጠቀጥም ሲጠማዘዝም በልክ ነው፤ ያ ልክ ከጠፋ ዘፋኙ ስቷል ይባላል። ቃሉም እንዲሁ። የእኛ ሁለት ስንኝ ሰሙን አስቀድሞ ወርቁን ይደብቃል። የኢሞ ግጥም እንደ ደብዳቤ ፊት ለፊት ይናገራል፤ አንዳንዴም ከልክ በላይ። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ብታስቀምጡ የአንዱ ሙያ የሌላው ጉድለት ሆኖ ይታያል። ሁለት ዝርዝር ሥሩ፣ አበሽሩ።

«ጊታር እጫወታለሁ። የሚድዌስት ኢሞ አልበሞች ጊታራቸው ሁሉ አንድ ይመስለኛል፤ እንዴት ለይቼ ነጥብ ልስጥ? ቅኝታቸውስ እንዴት ነው?» — ከባቲ

አንድ የመሰለዎት ብዙዎቹ ከተለመደው ቅኝት ወጥተው ክሩን ክፍቱን፣ በጣት ሳይጫኑት፣ ስለሚያስጮሁ ነው። ከሁሉም የታወቀው የአሜሪካን ፉትቦል ቅኝት ነው፤ ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኢ። ከተለመደው ቅኝት ተነሥተው ሦስት ክር ብቻ ነው የሚነኩት። ስድስተኛውን ከኢ ወደ ኤፍ ግማሽ ድምፅ ያጥብቁት። አራተኛውን ከዲ ወደ ሲ አንድ ሙሉ ድምፅ ያላሉት። ሁለተኛውን ከቢ ወደ ሲ ግማሽ ድምፅ ያጥብቁት።

የላላው አራተኛ ክር በኃይል ከመቱት ይንዛዛል፤ በጣት በቀስታ ይንኩት። የአንዱ ውጥረት ሲቀየር ሌሎቹም ትንሽ ይወርዳሉና ከጨረሱ በኋላ ስድስቱንም እንደገና ይፈትሹ። ክሩ ያረጀ ከሆነ ሁለተኛውን ሲያጠብቁ ሊበጠስ ስለሚችል ፊትዎን ራቅ ያድርጉ።

ለእርስዎ የሚጥመው ደግሞ ይህ ነው። ባቲ ሜጀር የተባለውን የእኛን ቅኝት ከኤፍ ቢያነሡት ድምፆቹ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ እና ኢ ናቸው። ከስድስቱ ክፍት ክሮች አምስቱ እዚያው ውስጥ ያሉ ናቸው። ባዕዱ ሦስተኛው ክር፣ ጂ ብቻ ነው፤ እሱን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ቢይዙት ቢ ፍላት ይሰጥዎታልና ባቲው ይሞላል። በጆሮ ከተቃኘ ክራር ጋር ከተጫወቱ ግን ጊታሩን ወደ ክራሩ ያምጡት፤ ፍሬቱ ክራር ላይ ያለችውን ቅንጣት ልዩነት አያውቃትም።

ቅኝቱን በእጅዎ ካወቁት በኋላ ነጥብ መስጠት ይቀላል። ክፍት ክር ማስጮህ ማንም ይችላል። ሁለተኛውን ጊታር ይስሙ፦ የመጀመሪያውን ከደገመ ነጥብ ይቀንሱ፤ የራሱን ዜማ ይዞ ከሄደና ከበሮው የምቱን ቁጥር ሲቀይር ሁለቱ ሳይበተኑ ከቀጠሉ ይጨምሩ።

«ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ዳታውም ውድ ነው። ሃያ አልበም ሦስት ሦስት ጊዜ እንዴት ይሰማል?» — ከወልድያ

አንዴ አውርዶ ሦስቴ መስማት። የ45 ደቂቃ አልበም በሰከንድ በ96 ኪሎቢት ጥራት 32 ሜጋባይት ገደማ፣ በ160 ኪሎቢት 54፣ በ320 ደግሞ 108 ሜጋባይት ይፈጃል። 160ውን ይምረጡ፤ ሃያው አልበም ከ1.1 ጊጋባይት አይዘልም። 96 ላይ የሚጎዳው የከበሮው ጸናጽል (ሲምባል) ነው፤ እንደሚጠበስ ነገር ይንሿሿል፣ ኢሞ ደግሞ ጸናጽል ይበዛዋል። የመተግበሪያውን የድምፅ ማመጣጠኛ አብሩት፤ አለበለዚያ ጮክ ብሎ የተቀዳው አልበም ጮክ በማለቱ ብቻ የተሻለ ይመስላል። ከሦስቱ አንዱን ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ ይስሙ፤ ትንሿ የብሉቱዝ ስፒከር ግራና ቀኝ ያሉትን ጊታሮች ትቀላቅላቸዋለች።

«ሌላውን ከምታስተምሩ የራሳችሁን ዝርዝር አሳዩና።» — ከከሚሴ

ትክክል ነው። ጊዜ የፈተነውን 1999ን እንያዝ።

አንደኛ የአሜሪካን ፉትቦል በባንዱ ስም የተጠራው አልበም። ኢሊኖይ፣ ኧርባና ውስጥ የነበሩ ሦስት ተማሪዎች፣ 9 ዘፈን፣ ከበሮ መቺው ራሱ የሚነፋው ትራምፔት። ግጥሙ ትንሽ ነው፤ ጊታሩ የቀረውን ይናገራል። ባንዱ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፤ በ2014 እንደገና ተሰባሰበ፤ ሽፋኑ ላይ ያለውን ቤት በ2023 ባንዱና አሳታሚው ፖሊቪኒል ከሌሎች ጋር ሆነው ገዙት። ሁለተኛ «ክላሪቲ»። አንደኛ ያላልነው በመጨረሻው ዘፈን ምክንያት ነው፤ 16 ደቂቃ ይወስዳል፣ አጋማሹ ላይ አድማጩን ይፈታተናል። በዚህ ፍርድ የሚቆጡ ብዙ ናቸው፤ ይቆጡ። ሦስተኛ የጌት አፕ ኪድስ «ሰምቲንግ ቱ ራይት ሆም አባውት»፤ ኪቦርዱ ዜማውን ከፍ አድርጎታል፣ ከአምስቱ ለጀማሪ የሚሻለው ይህ ነው። አራተኛ የሴቭስ ዘ ዴይ «ስሩ ቢዪንግ ኩል»፤ ከኒው ጀርሲ የመጣ፣ ለፓንክ ፍጥነት የቀረበ። አምስተኛ የፕሮሚስ ሪንግ «ቬሪ ኢመርጀንሲ»፤ ደስ የሚል አልበም ነው፣ ግን ወደ ፖፕ ስላዘነበለ ኢሞ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ነጥብ አስቀንሶበታል።

«እንግሊዝኛችን ደከም ያለ ነው። ግጥሙ ሳይገባን ደረጃ መስጠት አግባብ ነው?» — ከመርሳ

አግባብ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ከጠበቃችሁ። መጀመሪያ ያለ ግጥም ስሙ። ሁለተኛ ጊዜ ግጥሙን አውጥታችሁ፣ የከበዷችሁን ቃላት መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጋችሁ እያነበባችሁ ስሙ። ሦስተኛውን ወረቀቱን ዘግታችሁ። በመጀመሪያው ሆዳችሁን የነካው ቦታ በሦስተኛው ከጠፋ ዜማው ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ከጠነከረ ግጥሙ ሥራውን ሠርቷል። በዘፈኑ ርእስ ግን አትመሩ። ኢሞ ውስጥ ርእሱ ብዙ ጊዜ ቀልድ ነው፤ ከግጥሙ ጋር ላይገናኝ ይችላል።

«አራት ዘፈን ብቻ ያለው ይቆጠራል? ድጋሚ የታተመስ?» — ከላሊበላ

ከ7 ዘፈን ወይም ከ25 ደቂቃ በታች የሆነ ለብቻው ዝርዝር ይሠራለት። በመድረክ የተቀዳና ድጋሚ የታተመ አይቆጠርም፤ አዲስ ዘፈን ቢጨመርበትም።