ጉድጓዱ ሸተተ፣ ብሎኩ ተጣላ

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የብሎካችን 14 ቤቶች ተስማምተን ከጀርባ ጉድጓድ አስቆፈርንና የወጥ ቤት ጥራጊ ለኮምፖስት ብለን መጣል ጀመርን። ሁለት ወር ሳይሞላ ሸተተ፣ ዝንብ ወረረን፣ ሌሊት ውሻ ይጎረጉረዋል፣ ባለፈው ደግሞ ጅብ መጥቷል ተባለ። ግራውንድ ያሉት እትዬ «ወይ ይደፈናል ወይ ወረዳ እሄዳለሁ» ብለዋል። እውነቴን ነው፣ አልፈርድባቸውም፣ መስኮታቸው ሥር ነው። ይደፈን ወይስ ይድናል?

መልስ፦ ጉድጓዱ ይደፈን፣ ኮምፖስቱ ይዳን። እትዬ ልክ ናቸው።

የእናንተ ሰፈር አፈር ዋልካ ነው፣ ውሃ አያሳልፍም። ልጣጭ ራሱ ውሃ ያዘለ ነው፣ እዚያ ላይ የዕቃ እጣቢ የሚደፋ አይጠፋም (በየብሎኩ አንድ ሰው አለ!)፣ ከዚያ ሁሉም ተጠቅጥቆ አየር ያጣል። አየር ያጣ ጥራጊ ደግሞ ይገማል እንጂ ኮምፖስት አይሆንም። ስለዚህ ከመሬት በላይ አውጡት። ከግንባታ የተረፈ ጣውላ ለቃቅማችሁ ከመስኮት ራቅ ብላችሁ በየጎኑ 1 ሜትር የሆነ ሳጥን ምቱ፣ በጣውላዎቹ መሀል ክፍተት ይኑር። ሳጥኑ ከ1 ሜትር ካነሰ ሙቀት አይዝም።

አንድ ባልዲ እርጥብ ሲገባ ሁለት ባልዲ ደረቅ ይከተለው። ገለባ፣ የደረቀ ሣር፣ የቡናችሁ ቄጠማ፣ የተቀደደ ካርቶን፣ ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ (የእንጨት ይሁን፣ የኤምዲኤፍ፣ ማለትም የተጨመቀ ሰሌዳ ከሆነ ሙጫ አለበት)። የጫት ገረባም ይሆናል፣ እንጨቱን ቆራርጡት፣ ፌስታሉን አውጡ። የባህር ዛፍ ቅጠል ተዉት፣ ዘይቱ መበስበሱን ያጓትተዋል። ሥጋ፣ አጥንት፣ ወጥ የነካው እንጀራ በፍጹም! ጅብ የድንች ልጣጭ ፍለጋ አይመጣም።

በየሳምንቱ በአካፋ ይገላበጥ። ጨብጠሽ ጭመቂው፤ ከተንጠባጠበ ደረቅ ይጨመር። ክረምት ላይ ሸራ ይልበስ። መሥራቱን ለማወቅ ቁራጭ ፌሮ መሀሉ ሰክተሽ ከሩብ ሰዓት በኋላ ንቀዪው፣ ትኩስ ከሆነ ሰላም ነው። 55 ዲግሪ አልፎ ከቆየ የአረም ዘር ሳይቀር ይሞታል። እኔ መጀመሪያ ስነቅለው እጄን ፈጀኝ፣ ግን ከደስታዬ ብዛት ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራሁ ሳስነካ ዋልኩ።

አሁን ዋናው። 14 ቤት ይጥላል፣ ማን ያገላብጣል? «ሁላችንም» ካላችሁኝ ማንም የለም ማለት ነው። እንደ እድር ተራ ማውጣት ይቻላል፣ ግን ተራ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይረሳል፣ አይቼዋለሁ። ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ አዋጡና ለጥበቃው ወይም ለአንድ ጎበዝ የሰፈር ልጅ ክፈሉ። ምን እንደሚጣልና እንደማይጣል የሚቆጣጠረውም እሱ ይሁን። በደንብ ከተገላበጠ በሦስት አራት ወር ጥቁር፣ የዝናብ አፈር የሚሸት ነገር ታገኛላችሁ፣ የመጀመሪያው ጆንያ ለእትዬ ጎመን ይሁን።

ሰልችቷችሁ ሁሉንም ወደ ገንዳ እንዳትመልሱት ብቻ። ከከተማችን ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው፣ ለዓመታት ሲከመር የኖረው ደግሞ ቆሼ ላይ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። የክበባችን የቡና አተላ በቀን አንድ ባልዲ ይሞላል። ግቢ ውስጥ አበባው ሥር እንዲሁ ብንደፋውስ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እንዲሁ አይድፉት። ወፍሮ ከተደፋ ሲደርቅ እንደ ክዳን ይሆንና ውሃ ይከለክላል። ከግቢው ቅጠልና ከክበቡ ልጣጭ ጋር ይከመር፣ አተላው ግን ከጠቅላላው ከአምስት አንድ እጅ አይለፍ። ሻይ ከሆነ ከረጢቱን ቀደው ቅጠሉን ብቻ ይጣሉ፣ ብዙው ከረጢት ፕላስቲክ አለበት።