«ከፖሊስ ወረቀት ካላመጣሽ» ለተባለችው እህትሽ (መልስ)

እርግዝናውን ለማቋረጥ የፖሊስ ደብዳቤ አያስፈልጋትም። የራሷ ቃል ይበቃል።

«ተደፍራ አረገዘች፣ ክሊኒኩ ግን ማስረጃ አምጡ ብሎ መለሰን» ብለሻል። የወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) አንቀጽ 551 እንደሚለው በመደፈር የመጣ እርግዝና በታወቀ የጤና ተቋም ቢቋረጥ አያስቀጣም። አንቀጽ 552 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ለዚህ የሴቷ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል። ደፋሪው ባይያዝ፣ ማንነቱ እንኳ ባይታወቅ ለውጥ የለውም።

ነገ እንዲህ አድርጉ፦

1. ካርድ ክፍል ቆማችሁ አትከራከሩ። ኃላፊውን ጠይቁና የአንቀጹን ቁጥር ንገሩት።
2. እምቢ ካለ ጊዜ ሳትፈጁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

17 ዓመቷ ነው ካልሽ የልደት ካርድም አትፈልጊ። በጤና ሚኒስቴር መመሪያ መሠረት የነገረቻቸው ዕድሜ ነው የሚመዘገበው።

ሰውየውን መክሰስ ሌላ መንገድ ነው፤ እዚያ ማስረጃ ያስፈልጋል። ግን ሕክምናው ክሱን አይጠብቅም።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። እኔ የጎረቤቴን ልጅ ይዤ ለዚሁ ወረቀት ስመላለስ ሦስት ሳምንት አለቀ። አንድ ቀን መርማሪው ምሳ ወጥቷል፣ ሌላ ቀን ማኅተም ያዡ የለም። ልጅቷ በነጠላዋ ተሸፋፍና አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። ሕጉ የሚፈቅደው ሙያው በሚለው የጊዜ ገደብ ውስጥ ነው፤ ሳምንቱ በገፋ ቁጥር ሕክምናውም ይከብዳል። በዚህ መሀል «መድኃኒት የምታውቅ ሴትዮ አለች» የሚል ሰው አይጠፋም። እሷ ጋ እንዳትሄዱ። ከጤና ተቋም ውጭ ከሆነ አንቀጽ 551 አይሸፍናትም፣ ሕይወቷም አደጋ ላይ ነው።