ሆዳቸውን ከመክፈታችሁ በፊት ብሽሽታቸውን እዩ

ሪዚደንት ለሆናችሁና በየወረዳው ሆስፒታል ቢላ ለያዛችሁ ልጆቼ፣

የምጽፍላችሁ ስለ ፌሞራል ሄርኒያ ነው፤ አንጀት ወይም ሌላ የሆድ ዕቃ በጭን ሥር ባለው ጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ ማለት ነው። ከፍ ብሎ በብሽሽት እንደሚወጣው እንደ ኢንጉይናሉ ሄርኒያ በየቀኑ አይገጥማችሁም፤ የሚያመልጣችሁም ለዚህ ነው። የሚበዛው በሴቶች፣ በተለይ በዕድሜ በገፉ እናቶች ላይ ነው።

እኚህ እናት ደግሞ አይነግሯችሁም። "ሆዴን ቆረጠኝ፣ አስመለሰኝ" ብለው ይመጣሉ። ብሽሽታቸው ላይ ያለውን እብጠት የልጅ ልጃቸው ለሚሆን ጎረምሳ ማሳየት ያሳፍራቸዋል። ወይም ንፍፊት ነው ብለው ትተውታል። እናንተ ኤክስሬይ ታዛላችሁ፣ "አንጀት ተዘግቷል" ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ቀሚሱን ግን አታነሱም። አንሱት እንጂ! መጋረጃውን ሳቡ፣ ሴት ነርስ ጥሩ፣ "እማማ፣ ይፍቀዱልኝ" በሉና ሁለቱንም ብሽሽት እዩ። እብጠቱ የአውራ ጣት ጫፍ ቢያህል ነው። ከፑቢክ ቲዩበርክል (ከብልት በላይ ባለው አጥንት ላይ ካለችው ጉብታ) በታች፣ ወደ ውጭ በኩል ፈልጉት። ሰገራ ወጥቷቸዋል ብላችሁም አትዘናጉ፤ የአንጀቱ አንድ ጎን ብቻ ተይዞ ሊሞት ይችላል። እባጭ መስሏችሁ መብጣትማ ጨርሶ አይታሰብ።

አንጀት ባይታነቅም (ተይዞ ደም ባይቋረጥበትም) ቀጠሮ አታርዝሙ። በ1991 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የወጣ ጥናት በ3 ወር ውስጥ የመታነቅ ዕድሉን 22 በመቶ አድርሶታል። የኢንጉይናሉ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ወደ ኦፕሬሽኑ ስንመጣ፣ በሐኪሞች ስም የሚጠሩ ሦስት መግቢያዎች አሉ። በቀጠሮ ለመጡ ሎክውድ ይበቃል፤ ከኢንጉይናል ሊጋመንቱ (በብሽሽት ላይ ከተዘረጋው ጅማት) በታች እብጠቱ ላይ ትከፍታላችሁ፣ በሎካል ማደንዘዣም ይሠራል። ሎታይሰን ጤነኛውን የኢንጉይናል ግድግዳ ስለሚከፍት እኔ ብዙም አልወደውም። አንጀት ከታነቀ ግን ከላይ ግቡ፣ ማክኤቬዲ። ከታች ሆኖ የሞተ አንጀት ቆርጦ መስፋት ጭንቅ ነው።

ሰመመኑ ሲይዝ አንጀቱ ሹልክ ብሎ ወደ ሆድ ሊመለስ ይችላል። "ገባልን" ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። ፈልጋችሁ አውጡትና እዩት። በሞቀ ሳላይን በራሰ ጨርቅ ሸፍኑት፣ ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ቀለሙ ካልተመለሰ፣ ካልተንቀሳቀሰ፣ ቁረጡት።

የሄርኒያው አንገት (መውጫው) ጠብቦ አንጀቱ አልወጣ ካለ፣ በውስጥ በኩል ያለውን ላኩናር ሊጋመንት የሚባለውን ጅማት በጥቂቱ ትቆርጣላችሁ። እዚህ ላይ ቀስ! አንዳንድ ሰው ላይ ከኋላው ያልተለመደ የኦብቱሬተር ደም ስር ያልፋል። የቀደሙት ሐኪሞች "የሞት ዘውድ" ያሉት ያለምክንያት አይደለም። በውጭ በኩል ደግሞ ፌሞራል ቬይኑ (ትልቁ የእግር ደም መላሽ) አለ። ኢንጉይናል ሊጋመንቱን ከኩፐር ሊጋመንት (በዳሌ አጥንቱ ላይ ካለው ጅማት) ጋር በፕሮሊን ክር ስትሰፉ ቬይኑን በጣታችሁ ገፋ አድርጋችሁ ያዙት። የመጨረሻዋን ስፌት በጣም ካስጠጋችሁ እግር ያብጣል፣ ደም ይረጋል።

ሜሽ (ሰው ሠራሽ መረብ) እናድርግ ወይ ትሉኛላችሁ። በቀጠሮው ኦፕሬሽን ካለ መልካም። አንጀት ከቆረጣችሁ ግን ተዉት፣ ክሩ ይበቃል።