የትርፉ ቁጥር ይታመናል? ስለ ሂሳብ መግለጫ ጥራት ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ስለ ድርጅቶች የሂሳብ መግለጫ ጥራት የከነከናችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር። ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት ጥያቄ መጥቷል። ሥራዬ ሂሳብ መመርመር ነው። በዘርፉ የሚሠሩ ጥናቶችንም ለዓመታት ተከታትያለሁ። የምችለውን ልመልስ።

ጥያቄ፣ ከመሐል ሜዳ፦ «የሪፖርት ጥራት» ሲባል አይገባኝም። ቁጥር ወይ ልክ ነው ወይ ስህተት ነው፤ ሌላ ምን አለ?

ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር ነው የጠየቅኸው። በአንተው አገር በግ ላስረዳህ።

ሰኔ 25 ቀን ለአዲስ አበባ ነጋዴ 40 በግ በዱቤ ሸጥክ እንበል፤ አንዱን በ10,000 ብር። ገንዘቡ የሚመጣው ለእንቁጣጣሽ ነው። የበጀት ዓመቱ ግን ሰኔ 30 ይዘጋል። ሂሳብ ሹምህ 400,000 ብሩን የዘንድሮ ሽያጭ ብሎ ይመዘግባል። ልክ ነው፤ በጎቹን አስረክበሃል። እጅህ ላይ ግን አንድም ብር የለም። ይህ ተመዝግቦ ገና ያልገባ ገንዘብ ነው በሂሳብ ቋንቋ አክሩዋል የሚባለው። ነጋዴው ይከፍላል? ሙሉውን? እዚህ ላይ ነው ግምት የሚገባው።

ድርጅት ሲያድግ ግምቱም ይበዛል። ማሽኑ ስንት ዓመት ያገለግላል? መጋዘን የተቀመጠው ሱፍ ዛሬ ስንት ያወጣል? ከተበዳሪዎች ውስጥ ስንቱ ሳይከፍል ይቀራል? የትርፉ ቁጥር እነዚህ ሁሉ ግምቶች ተደምረው የሚወጣ ነው። ስለዚህ «ልክ» እና «ስህተት» ብቻ አይበቃም።

እ.ኤ.አ. በ2002 የሂሳብ ተመራማሪዎቹ ፓትሪሺያ ዴቾውና ኢሊያ ዲቼቭ ይህን ወደ መለኪያ ቀየሩት። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እኔ በጣም የምወደውም ለዚህ ነው። የዘንድሮ አክሩዋል ካለፈው፣ ከዘንድሮ እና ከሚቀጥለው ዓመት ጥሬ ገንዘብ ጋር መገጣጠም አለበት። ለእንቁጣጣሽ 400,000ው ከመጣ ግምትህ ጥሩ ነበር። 250,000 ብቻ ከመጣ 150,000ው የግምት ስህተት ነው። ይህ ስህተት ከዓመት ዓመት በጣም የሚዋዥቅ ከሆነ የትርፉ ጥራት ዝቅተኛ ነው ይባላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። መለኪያው ተንኮልን ከየዋህነት አይለይም። በቅንነት የተሳሳተውም ሆነ ሆን ብሎ ያጋነነው እኩል ይታያሉ።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፣ የማስተርስ ተማሪ፦ ቴሲሴን በዚህ ርዕስ መሥራት እፈልጋለሁ። ለሂሳብ ሠራተኞች መጠይቅ ብበትን ይበቃል?

እህቴ፣ እኔ አይበቃም ባይ ነኝ። ሪፖርቱን ያዘጋጀውን ሰው «ሪፖርታችሁ ጥራት አለው?» ብትዪው «በጣም እስማማለሁ» የሚለውን ነው የሚያከብበው። ወጥ የሠራችውን ሴት ጣፍጧል ወይ ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ሪፖርቱን ራሱን አንብቢ። ከነማብራሪያው።

ትርፍ ሆን ተብሎ መነካካቱን ለመለየት የሚያገለግለውን የተመራማሪዋን የጄኒፈር ጆንስን ሞዴል አማካሪሽ ሳይነግርሽ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ጥናቷ መነሻው ደስ ይላል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ጎዳን ብለው ለአሜሪካ መንግሥት አቤት ያሉ ድርጅቶችን ወሰደች። እነዚህ ተጎድተው መታየት ይጠቅማቸዋል። የሽያጭ ለውጥና የቋሚ ንብረት መጠን ሊያስረዱት የሚችሉትን አክሩዋል ቀንሳ፣ እነሱ የማያስረዱትን ቀሪ አየች። ምርመራው በሚካሄድበት ዓመት ትርፋቸውን ዝቅ ያደርጉ እንደነበር አገኘች።

ሞዴሉን እንዳለ ለባንክ አትጠቀሚበት። የባንክ ሥራ ሽያጭና ማሽን አይደለም። እኛ አገር ደግሞ ተማሪ በቀላሉ የሚያገኘው የባንክና የኢንሹራንስ ሪፖርት ነው። ባንክ ከመረጥሽ ለአጠራጣሪ ብድር የሚያዘውን መጠባበቂያ አጥኚ። ግምቱ ያለው እዚያ ነው። ጥሩ ትርፍ በተገኘበት ዓመት መጠባበቂያው እየወፈረ፣ በከፋው ዓመት እየቀጠነ ከሄደ ትርፉ ከዓመት ዓመት እኩል እንዲመስል እየተደረገ ሊሆን ይችላል፤ ቴሲስሽን አገኘሽ ማለት ነው።

ጥያቄ፣ ከሸዋ ሮቢት፦ የውጭ ኦዲተር ከፈረመበት ምን ያሳስበናል?

ፊርማው ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ዋስትና አይደለም። ኦዲተር ናሙና ወስዶ ነው የሚያየው። የሚሰጠውም ምክንያታዊ ማረጋገጫ ነው፤ ፍጹም አይደለም።

ወርልድኮም የተባለውን የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ተመልከት። ለሌሎች ኩባንያዎች የሚከፍለውን የመስመር ኪራይ፣ ማለትም የዕለት ወጪውን፣ ንብረት ብሎ ይመዘግብ ነበር። የአይሱዙህን ነዳጅ «አዲስ አይሱዙ ገዛሁ» ብሎ እንደመጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2002 በመጀመሪያ ይፋ የሆነው 3.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በኋላ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ደርሷል። የውጭ ኦዲተሩ አርተር አንደርሰን ነበር፤ በዚያው ሰሞን በሂሳብ ማጭበርበር የወደቀውን ሌላውን የአሜሪካ ኩባንያ፣ ኤንሮንንም ይመረምር የነበረው እሱው ነው። ነገሩን ያወጡት ግን የኩባንያው የራሱ የውስጥ ኦዲት ሠራተኞች ናቸው። የውስጥ ኦዲተር የሆናችሁ ይህን አትርሱ።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦ አገራችን አይኤፍአርኤስን (ዓለም አቀፉን የሂሳብ መግለጫ ደንብ) ከተቀበለች በኋላ ሪፖርቶች ለምን ያን ያህል አልተለወጡም?

አዋጅ ቁጥር 847/2006 ደንቡን አስገባ፤ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ተቋቋመ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ አላቃልለውም። ግን ደንብ ብቻውን ሪፖርት አይጽፍም።

ቦል፣ ሮቢንና ዉ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ሆንግ ኮንግን፣ ማሌዥያን፣ ሲንጋፖርንና ታይላንድን አጠኑ። የአራቱም ደንብ ጥሩ ከሚባሉት አገሮች የተቀዳ ነበር። ኪሳራን በጊዜው በመናገር ግን የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ምክንያቱም ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው ሰው ምን ይጠቅመዋል፣ ምንስ ያስፈራዋል የሚለው ጥያቄ አልተለወጠም። እኛም ጋ ነገሩ ይኸው ይመስለኛል። አንባቢ ካልጠየቀ አዘጋጁ ለማን ብሎ ይጨነቃል? በጥር 2017 ሥራ የጀመረው የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ይህን ይቀይረዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። አክሲዮኑን በየቀኑ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ሪፖርቱን ያነባል።

ጥያቄ፣ ከደብረ ሲና፦ አለቃዬ ለግብር አንድ መዝገብ፣ ለባንክ ብድር ሌላ መዝገብ አዘጋጂ ይለኛል። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ አትፈርሚ። ለግብር ኪሳራ፣ ለባንክ ትርፍ የሚያሳዩ ሁለት መግለጫዎች ሲገናኙ መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። የግብር ሕጉ ከሂሳብ ደንቡ የሚለይባቸው ቦታዎች አሉ፤ ለምሳሌ የእርጅና ቅናሽ። እሱ በአንድ መዝገብ ላይ ማስታረቂያ ተሠርቶለት በሕጋዊ መንገድ ይታያል። ለአለቃሽ መጀመሪያ ይህን አሳዪው። ብዙ ጊዜ ሰዎች ሁለተኛ መዝገብ የሚያዙት ሕጋዊው መንገድ መኖሩን ሳያውቁ ነው። እንቢ ካለ የጠየቀሽን በጽሑፍ አስደርጊ። እንጀራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቀላል ነው አልልሽም።

ጥያቄ፣ ከአንኮበር፦ ድርጅቱ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ብቻ እያተረፈ ቢመጣ ጥርጣሬ ነው?

ብቻውን አይደለም። በርግስታለር የተባለ ተመራማሪና ቀደም ሲል ያነሳሁት ዲቼቭ እ.ኤ.አ. በ1997 ብዙ የአሜሪካ ድርጅቶችን በትርፋቸው መጠን ሲደረድሩ ጥቂት የከሰሩት ከሚጠበቀው በታች፣ ጥቂት ያተረፉት ከሚጠበቀው በላይ ሆነው አገኙ። ዜሮን ለመሻገር ቁጥር እየተገፋ ነው አሉ። ሌሎች ደግሞ ክፍተቱ በከፊል ከአለካኩ የመጣ ነው ብለው ተከራክረዋል። የአንድን ድርጅት ቁጥር አይቶ መፍረድ አይቻልም።

ጥያቄ፣ ከሞላሌ፣ ጡረተኛ፦ ልጄ፣ አክሲዮን አለኝ። ሪፖርቱ ወፍራም ነው፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ከየት ልጀምር?

ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ፌንግ ሊ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳየው ትርፋቸው ዝቅ ያለ ድርጅቶች ሪፖርታቸው ለማንበብ የከበደ ነው።

የሊቀመንበሩን መልእክትና ፎቶውን ይለፉት። «የጥሬ ገንዘብ ፍሰት» የሚለውን ገጽ ይፈልጉ። የመጀመሪያው ክፍል ከሥራ የተገኘው ገንዘብ ነው። ያንን ቁጥር ከትርፉ ጎን ይጻፉት። ያለፉትን ሦስት ዓመታትም እንዲሁ። ባንክ ከሆነ ይህ ቁጥር በተቀማጭና በብድር ስለሚዋዥቅ፣ በምትኩ የተበላሸ ብድርና መጠባበቂያውን ይያዙ። ትርፉ ሁልጊዜ ትልቅ፣ ገንዘቡ ሁልጊዜ ትንሽ ከሆነ ወረቀቱን ይዘው ጠቅላላ ጉባኤ ይግቡ። እጅዎን አውጥተው «ልዩነቱ የት ሄደ? ከማን ነው የሚሰበሰበው? መቼ?» ይበሉ። በአማርኛ ይጠይቁ፣ በአማርኛ ይመልሱልዎት፤ መልሱም ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር ይበሉ።