ተሳቢው ጀርባ ላይ ምን አለ? (ጥያቄና መልስ)

አጨዳ ደርሷል። የዚህ ሳምንት ጥያቄዎችም አብዛኞቹ ከአርሲና ከባሌ ናቸው።

አሰላ አካባቢ ያሉ የትራክተር ባለቤት፣ «የኋላ መብራቴ ደህና ነው፤ ተሳቢው ላይ አንጸባራቂ ለጥፍ የሚሉኝ ለምንድን ነው?» ይላሉ።

ወንድሜ፣ መብራቱ ያለው ትራክተሩ ላይ ነው። ገለባ የጫነ ተሳቢ ከኋላ ሲቀጠል ማን ያየዋል? እስቲ እንቁጠር። መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይመጣል፣ እርስዎ በ20 ይሄዳሉ። በየሰከንዱ 17 ሜትር ያህል ይጠጋዎታል። በአጭር መብራት ጥቁር ብረት የሚታየው 50 ሜትር ገደማ ሲቀር ነው። ሦስት ሰከንድ! ሾፌሩ «ምንድን ነው ይሄ?» እስኪል አንዱ አለቀ። ጥሩ አንጸባራቂ ግን ብርሃኑን ወደመጣበት ስለሚመልስ በረጅም መብራት ከ150 ሜትር ይታያል። ቀዩን ከተሳቢው ጀርባ፣ በግራና በቀኝ ጠርዝ ይለጥፉ። መሃል ላይ አንድ ብቻ ከሆነ ሞተር ሳይክል ይመስላል። ነጭ ከኋላ አይለጥፉ፤ ወደ ሾፌሩ የሚመጣ መኪና ይመስለዋል። ከማሳ ሲወጡ ደግሞ በጨርቅ ይጥረጉት፤ ጭቃ የለበሰ አንጸባራቂ ያው ብረት ነው። ደንቡን ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ጎማ ሲፈነዳ ድንጋይ እንደረድራለን፤ ችግር አለው?

አለው። ማታ ድንጋይ አያበራም። ተሳቢው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል፤ ስንቱን ባጃጅ እንደገለበጠ እናውቃለን። መንገድ ላይ የሚቆመውን አንጸባራቂ ትሪያንግል (ሦስት ማዕዘን) ይግዙ።

ከሚኒሶታ የጻፈች እህት ትራክተሮች ጀርባ የምታየው ብርቱካናማ ሦስት ማዕዘን ገርሟታል።

የዝግተኛ ተሽከርካሪ ምልክት ነው፤ በሰዓት ከ25 ማይል (40 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ ለማይሄድ። ብርቱካኑ ለቀን፣ ቀዩ ጠርዝ ለማታ። እዚያው ሚኒሶታ አሚሾች (በፈረስ ሠረገላ የሚሄዱ የክርስቲያን ማኅበረሰብ ናቸው) «ምልክቱን እምነታችን አይፈቅድም» ብለው ተከራክረው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። በምትኩ ሠረገላቸው ላይ ነጭ አንጸባራቂ ቴፕና ቀይ ፋኖስ ያደርጋሉ። እነሱም ቢሆኑ አንታይም አላሉም!

ተሳቢያችን ከኋላ ተገጭቶ ረዳቱ አንገቱን ያመዋል፣ እጁንም ይደነዝዘዋል፤ ወጌሻ ጋ ልውሰደው?

በፍጹም! የተገጨ አንገት አይታሽም። እጅ ከደነዘዘ ነገሩ ከጡንቻ ያለፈ ሊሆን ይችላል። አንገቱን ሳያንቀሳቅሱ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት፣ ራጅ ይነሣ። «ነገ ይሻለዋል» የሚል ሽማግሌ ካለም አይስሙት።

በአንጸባራቂ ፋንታ አሮጌ ሲዲ ማንጠልጠል ይበቃል?

አይበቃም። ወፍ ያባርሩበት።