«ፈታ በይ» ሲሉኝ ምን ልመልስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ንስሐ ከገባሁ ወዲህ ጓደኞቼ «ምን ሆንሽ፣ ፈታ በይ እንጂ» ይሉኛል። ካህኑ ደግሞ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሉኛል። ጾሙና ስግደቱ ግን እስራት ይመስለኛል። ታዲያ የተፈታሁት ከምኑ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ጥሩ ቃል አነሣሽ። በአማርኛችን ሕልም ይፈታል፣ ጾም ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል። ትዳርም ይፈታል፣ ሥራም ይፈታል። ሥራ የፈታውን ግን ነጻ ወጣ አንለውም፤ ሥራ ፈት ነው የምንለው። እና ተፈታ ሲባል ከምን? ወደ ማን? ብለሽ ጠይቂ።

የድሬ ሰው ፈታ ያለ ነው ሲባል እኔም ደስ ይለኛል። በከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ከማያውቀው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ይጫወታል። ይህ ጸጋ ነው። ንስሐ ገባሁ ብለሽ ፊትሽን እንዳትቋጥሪ።

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ስሕተት ሌላ ነው። ብዙዎች መፈታትን ባለቤት ማጣት ያደርጉታል። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ስንሄድ የዴንገጎን ዳገት ሌሊቱን በእግራቸው የወጡ እናቶች አያለሁ። እግራቸው አብጧል፤ ስለታቸውን አስገብተው ሲመለሱ ግን ፊታቸው ይበራል። መንገዱ ዳር ደግሞ «ለአንድ ቀን ፈታ እንበል» ብለው፣ ያውም በነቢያት ጾም፣ ሲጠጡ ያደሩ ልጆች አሉ። ቅዳሴው አልፏቸዋል። ልነሣ ቢሉም እግራቸው እምቢ ይላቸዋል። እስቲ የታሰረው የትኛው ነው?

የሆሣዕናዋን አህያ አስቢ። ጌታ «ፍቱና አምጡልኝ» አለ (ማቴ. 21፥2)። ቀፊራ ገበያ ጭነቷን አራግፋ ስድ የተለቀቀች አህያ ምን እንደምትሆን ታውቂያለሽ። የሰው ቲማቲም ትበላለች፣ ዱላ ታተርፋለች። የሆሣዕናዋ ግን ተፈትታ ጌታን ተሸከመች፤ ልብስ ተነጥፎላት ኢየሩሳሌም ገባች። ሕዝቡ በጥጃው ዙሪያ ሲዘፍን ሙሴ ያየው የቀፊራዋን ዓይነት መለቀቅ ነው፤ መጽሐፉም «ስድ» ይለዋል (ዘጸ. 32፥25)። ጳውሎስም ለአርነት እንደተጠራን ነግሮን ሲያበቃ፣ አርነታችን ለሥጋ ምክንያት እንዳይሰጥ ወዲያው ያስጠነቅቀናል (ገላ. 5፥13)።

ጾሙን እስራት አትበዪው። ሆድሽ «አሁኑኑ» ሲልሽ «ቆይ» ማለት ችለሻል። ድሮ ትችይ ነበር?

ጓደኞችሽን አትሽሺያቸው። ቅዳሜ አብረሻቸው ሻይ ጠጪ፣ ሳቂ። ወደ መጠጡ ሲዞሩ «ደኅና እደሩ» ብለሽ ተነሺ፤ ስብከት አያስፈልግም። አልላቀቅ ያለሽ ነገር ካለ ግን ለብቻሽ አትታገዪው። «ኃጢአተኛ ነኝ» ብለሽ አትለፊው፤ ስሙን ጠርተሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ያን ጊዜ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ሲሉሽ ከምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።