ጥንቸሏ ፀጉሯን ነጨች፤ ልትወልድ ነው?

ጥያቄ፦ ጥንቸሌን ወደ አውራው ወስጄ ካገናኘኋት ዛሬ 17ኛ ቀኗ ነው። ጠዋት ሳያት የደረቷን ፀጉር ነጭታ ከድርቆሽ ጋር ጥግ ላይ ከምራዋለች። ምጥ ይዟት ይሆን?

መልስ፦ በ17ኛው ቀን አይደርስላትም፤ ጥንቸል የምትወልደው በ31ኛው ወይም በ32ኛው ቀን ገደማ ነው። ያዩት የሐሰት እርግዝና ይመስላል። ጥንቸል እንቁላል የምትለቀው በግንኙነቱ ተቀስቅሳ ስለሆነ፣ ፅንስ ባይያዝም፣ ሌላ ሴት ጥንቸል ብትወጣባት እንኳ፣ ሰውነቷ እንዳረገዘ ይሆናል። ከ16 እስከ 18 ቀን ቆይቶ በጎጆ ሥራ ያበቃል። መድኃኒት አይፈልግም፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ወደ አውራው ይመልሷት። ከዚያ በፊት ከአውራ ጋር ውላ ከነበረ ግን ቆጠራው አይታመንም፤ መውለጃ ሳጥኑን ዛሬውኑ ያስገቡላት።

በሚቀጥለው ጊዜ ከአውራው ጋር ሲያገናኟት ቀኑን ይጻፉ። ከ12ኛው እስከ 14ኛው ቀን የታችኛውን ሆዷን በጣቶችዎ መካከል በቀስታ ሲዳብሱ ለስላሳ፣ የወይን ፍሬ የሚያካክሉና የሚያንሸራትቱ እብጠቶች ካገኙ ይዛለች። ጠጠር ጠጠር የሚሉት ትንንሾቹ ዓይነ ምድር ናቸው።

ሳጥኑን በ28ኛው ቀን ያስገቡ፤ ቀድሞ ከገባ ትሸናበታለች። 45 ሳ.ሜ ርዝመት፣ 30 ስፋትና 30 ቁመት ይበቃል፤ የመግቢያው ደፍ 15 ሳ.ሜ ያህል ይሁን። ከሥር ሰጋቱራ፣ ከላይ ድርቆሽ።

ድርቆሹን በአፏ አግድም ይዛ ስትመላለስ፣ መኖ ስትተው፣ ከጡቶቿ ዙሪያ ፀጉር ስትነጭ ቀርባለች። ፀጉሩ ግን ያታልላል፦ አንዳንዷ ከቀናት በፊት ትነጫለች፣ አንዳንዷ ከወለደች በኋላ። ጨርሶ ካልነጨች ከሆዷ ጥቂት ነቅለው ይጨምሩላት፤ በዚያ ሰዓት ላልቶ ስለሚገኝ አያማትም። ውኃ አይጉደልባት፤ የተጠማችና የተረበሸች እናት ልጆቿን ልትበላ ትችላለች።

አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ትወልዳለች፤ ግማሽ ሰዓት ብዙም አታልፍም። ጠዋት ሳጥኑን ይፈትሹ፦ የሞተ ያውጡ፣ ውጭ ወድቆ የቀዘቀዘውን በእጅዎ አሙቀው ወደ ጎጆው ይመልሱ። አጠገባቸው ባትቀመጥ አይደንግጡ፤ የምታጠባው በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ለጥቂት ደቂቃ ነው። የጠባው ሆዱ ድብልብል ብሎ ነጩ ወተት በቆዳው ሥር ይታያል፤ የራበው ቆዳው ይጨማደዳል።

33ኛው ቀን አልፎ ካልወለደች የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። በተለይ ፅንሶቹ አንድ ሁለት ብቻ ሲሆኑ ይገዝፉና መውጫው ላይ ይቀረቀራሉ።